ለማራው አስጎብኚያችን ምስጋና፣ «10፡00 ማለት 4 ሰዓት ነው» ብለው ለጻፉልን

ከናይሮቢ ወደ ማሳይ ማራ፣ ወደ ኬንያው የዱር እንስሳት ጥብቅ ስፍራ፣ እንግዶቻችንን ለሚያደርሱልን ኬንያዊ ሾፌርና አስጎብኚ የአደባባይ ምስጋና አለብን። ስማቸው እዚህ እንዲወጣ አልፈለጉም፤ ስልካቸውን ለጠየቀን በውስጥ መስመር እንልካለን። አንበሳ ማሳየትማ ብዙ ሾፌር ይችላል። እኛ የምናመሰግናቸው ቀብድ ከመቀበላቸው በፊት ለሚልኩት የአንድ ገጽ ዕቅድ ነው።

ዕቅዱ ላይ ሰዓት ሁሉ ሁለት ጊዜ ይጻፋል፣ በፈረንጅ አቆጣጠርና በእኛ። ስዋሂሊም ሰዓት የሚቆጥረው እንደኛ ስለሆነ የት እንደምንሳሳት ያውቃሉ። የማራ ቲኬት ከጠዋቱ 12 እስከ ምሽቱ 12 ሰዓት ነው የሚያገለግለው። ውስጥ ያደረ ሰው በመውጫው ቀን 10፡00 ላይ፣ ማለትም በእኛ ከጠዋቱ 4 ሰዓት፣ ከበር መውጣት አለበት። ይህን «አሥር ሰዓት» ብሎ አንብቦ ምሳውን ተረጋግቶ የበላ ቡድን የሌላ ቀን ቲኬት ይቆረጥበታል። ለውጭ አገር አዋቂ ጎብኚ ዋጋው እ.ኤ.አ. ከጁላይ 2024 ጀምሮ ከጃንዋሪ እስከ ጁን በቀን 100 ዶላር፣ ከጁላይ እስከ ዲሴምበር 200 ዶላር ነው። በጁላይ ስድስት ሰው ሲሆን የአንዲት ንባብ ስህተት 1,200 ዶላር! ጁላይ 1 ደግሞ የእኛ ሰኔ 24 ነው፤ ቀን ስትቆርጡ አስቡበት። ጎረቤት ነን ብላችሁም እንደ ኬንያዊ እንከፍላለን አትበሉ።

ለአጭር ጉዞ የሚመክሩት ማደሪያ ከበር ውጭ፣ ሴኬናኒ ወይም ታሌክ በሚባሉት በሮች አካባቢ ነው። ከናይሮቢ በናሮክ በኩል መንገዱ ከ5 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል፤ በመጀመሪያው ቀን አመሻሽ ላይ ለሁለት ሰዓት ብሎ መግባት ሙሉ ቲኬት ማቃጠል ነው። ሁለት ሌሊት ውጭ አድሮ መካከለኛውን ቀን ከንጋት እስከ ምሽት ውስጥ ማሳለፍ አንድ ቲኬት ብቻ ይጠይቃል። ውስጥ ማደር የሚያዋጣው ሦስት ሌሊትና ከዚያ በላይ ለሚቆይ ነው ይላሉ፣ እኛም እንስማማለን።

መኪናቸው ጣራው ወደ ላይ የሚከፈት ላንድ ክሩዘር ነው፣ ከስድስት ሰው በላይ አይጭኑም፤ ሁሉም መስኮት ያገኛል። ሚኒባስ ይረክሳል፣ በደረቅ ወራት ችግር የለውም። በማርች፣ ኤፕሪልና ሜይ ዝናብ ግን የማራ ዋልካ ጎማ ይውጣል፤ ባለሁለት ጎማ መንጃ መኪና ቆሞ ይቀራል፣ ከመንገድ ወጥቶ ማለፍ ደግሞ ክልክል ነው።

ጥበባቸው የሚታየው ዊልደቢስት (በመንጋ የሚሰደደው ባለ ቀንድ ሣር በል እንስሳ) የማራን ወንዝ ሲሻገር ነው። መንጋው ዳር ደርሶ ሲያመነታ ሌሎች መኪኖች ለፎቶ ወደ አፋፉ ይሮጣሉ፤ እንስሳው መንገዱ የተዘጋ ሲመስለው ይመለሳል፣ የሰዓታት ጥበቃ ከንቱ ይሆናል። እሳቸው ሞተር አጥፍተው ወደኋላ ርቀው ይቆማሉ። የመጀመሪያዎቹ ውኃ ውስጥ ገብተው የኋለኞቹ መግፋት ሲጀምሩ ብቻ ቀስ ብለው ይጠጋሉ። መሻገሩን ግን ቃል አይገቡም፤ ቃል የሚገባላችሁን ሾፌር ጠርጥሩት። መንጋው በአብዛኛው ከጁላይ እስከ ኦክቶበር ማራ ውስጥ ነው፤ የመጀመሪያው ግማሽ የእኛ ክረምት፣ ልጆች ትምህርት የሌላቸው ጊዜ ነው። አንበሳና አቦሸማኔ ብቻ ለሚበቃው ጥርና የካቲት በግማሽ ቲኬት ይሻላል።

የዕቃ ዝርዝራቸውም የሐበሻ ጉዳይ የገባቸው መሆኑን ያሳያል። ፌስታል በኬንያ እ.ኤ.አ. ከ2017 ጀምሮ የተከለከለ ነው፤ ቆሎውና ዳቦ ቆሎው በጨርቅ ከረጢት ይምጣ። ሃይላንድ ውኃም ጥብቅ ስፍራ ውስጥ አይገባም፣ የሚሞላ ኮዳ ያዙ። ከናይሮቢው ዊልሰን አውሮፕላን ማረፊያ በትንሽ አውሮፕላን የሚበር ሰው የእጅ ሻንጣን ጨምሮ 15 ኪሎ ነው የሚፈቀድለት፣ ሻንጣውም ለስላሳ መሆን አለበት። የቢጫ ወባ ክትባት ከጉዞው ቢያንስ 10 ቀን በፊት። የኢትዮጵያ ፓስፖርት ለኬንያ ቪዛ አይጠየቅም፤ የአሜሪካ ወይም የአውሮፓ ፓስፖርት የያዘ ዘመድ ግን ኢቲኤውን (የኤሌክትሮኒክ የጉዞ ፈቃዱን) ቀድሞ በኦንላይን ያስጨርስ። ጋቢ አትርሱ፤ ንጋት ላይ ጣራው ሲከፈት ይበርዳል።

ቅሬታ ከተባለ፦ ወፍ ወዳድ ናቸው። አንዲት ሮለር የምትባል ወፍ ግንድ ላይ ካረፈች አንበሳው ይጠብቅ ብለው ይቆማሉ። ሲነዱ ስልክ አያነሱም፣ መልስ የሚመጣው ማታ ነው።

ሌላ አስጎብኚ ለምትይዙ ሰዎች ሁለት ነገር ጠይቁ። የኬንያ ፕሮፌሽናል ሳፋሪ ጋይዶች ማኅበር መታወቂያቸውን ያሳዩ፤ ደረጃው ነሐስ፣ ብርና ወርቅ ነው፣ የእኛው ሰው የብር ደረጃ ላይ ናቸው። ሒሳቡም መኪና፣ ነዳጅ፣ ቲኬትና ማደሪያ ተለያይቶ ይጻፍ። «ሁሉም ተካቷል» የሚል አንድ ቁጥር ብቻ ከመጣ ቲኬቱ ለስንት ቀን እንደተቆጠረ በጽሑፍ ሳታረጋግጡ ቀብድ አትላኩ። የእኛን አስጎብኚ ለጁላይና ኦገስት የምታስቡ ከጥር ጀምሮ ጻፉላቸው፣ ያቺ መኪና አንድ ነች።