ደረጃ ሰንጠረዤን ከሻይ ብርጭቆ ሥር ያስቀመጡት አማካሪ

ለአንድ የሙያ አማካሪ በአደባባይ ምስጋና ማቅረብ እፈልጋለሁ። ስማቸው እንዲጻፍ ስላልፈቀዱልኝ አልጽፈውም።

ስድስት ዓመት በሒሳብ ሥራ ከቆየሁ በኋላ ወደ ስትራቴጂ ማማከር ለመሻገር ኤምቢኤ (የንግድ ሥራ አስተዳደር ማስተርስ) መማር አሰብኩ። ልቤ ያረፈው ኢንሲያድ የተባለው የቢዝነስ ትምህርት ቤት ላይ ነበር፤ ስሙ የገነነ፣ ጊዜውም 10 ወር ብቻ። ቢሯቸው የገባሁት የትምህርት ቤቶችን ደረጃ ሰንጠረዥ አትሜ ነው። ተቀበሉኝና ገልብጠው ከሻይ ብርጭቋቸው ሥር አኖሩት። «መሥራት የሚፈልጉትን ሥራ የሚመለከቱ አሥር የቅጥር ማስታወቂያዎች ይዘው ይምጡ» ብለው ሸኙኝ። ተናድጄ ነበር የወጣሁት።

በሳምንቱ ማስታወቂያዎቹን አንድ በአንድ እያነበቡ በቀይ እስክሪብቶ አሰመሩባቸው። ሰባቱ ላይ የተሰመረው አንድ ነገር ነው፦ በማማከር ሥራ የተገኘ ልምድ። እኔ ደግሞ እሱ የለኝም። የሁለት ዓመት ኤምቢኤ ጥቅሙ የገባኝ ያን ጊዜ ነው። በሁለቱ ዓመታት መካከል ባለው የእረፍት ጊዜ ተማሪው ሊገባበት በሚፈልገው ዘርፍ ተለማማጅ ሆኖ ይሠራል፤ ትልልቆቹ አማካሪ ድርጅቶችም ብዙ ቋሚ ሠራተኞችን የሚመለምሉት ከእነዚሁ ተለማማጆች ነው። አጭሩ ፕሮግራም በያዘው ሙያ ከፍ ማለት ለሚፈልግ ሰው ጊዜና ገንዘብ ይቆጥባል፤ ሙያ ለሚቀይር ግን ያችን የመሞከሪያ ጊዜ ያሳጥርበታል፣ አንዳንዴም ጨርሶ ያሳጣዋል። ፋይናንስ ውስጥ መቆየት ብፈልግ ኖሮ ኤምቢኤውን ትቼ የፋይናንስ ማስተርስ ወይም ባለ ሦስት ደረጃውን የሲኤፍኤ (የኢንቨስትመንት ተንታኞች የሙያ ማረጋገጫ) ፈተና እንዳስብ ይመክሩኝ እንደነበርም አልሸሸጉኝም።

የቢዝነስ ትምህርት ቤቶችን ጥራት የሚመዝነውን የኤኤሲኤስቢን እውቅና በአንድ ደቂቃ አጣርተው አለፉ። የተመራቂዎች የቅጥር ሪፖርት ላይ ግን አንድ ሰዓት ሙሉ ቆየን። ትምህርት ቤቱ «ይህን ያህል በመቶው ተቀጥሯል» ሲል፣ ሥራ የማይፈልጉና መረጃ ያልሰጡ ተመራቂዎች ከስሌቱ ወጥተው ሊሆን ይችላል። የግርጌ ማስታወሻውን ሳላነብ ወደሚቀጥለው ገጽ ማለፍ ተከለከልኩ!

ከየትኛውም ትምህርት ቤት ኮሚሽን እንደማይቀበሉ ሳልጠይቃቸው ነግረውኛል። ነቀፌታ ካስፈለገ፣ ለኢሜይል መልስ ይዘገያሉ፤ ንግግራቸውም ማር የለውም። ማመልከቻዬን ሁለት ጊዜ አስቀድደውኛል።

አድራሻቸውን ለሚፈልግ በውስጥ መስመር እልካለሁ። አሥሩን ማስታወቂያ ግን ይዛችሁ ሂዱ፤ ባዶ እጁን የመጣውን ይመልሱታል።