ራይዘን 5 5600 ከአርኤክስ 6600 ጋር፦ አዳማ ላይ ያስገጠምነው የጌም ኮምፒውተር

ታናሽ ወንድሜ ጽፎ ያመጣው ዝርዝር አናቱ ላይ ውድ ፕሮሰሰር፣ ግርጌው ላይ «በተረፈው ብር ግራፊክስ ካርድ» ይል ነበር። ከፋይዋ እኔ ነኝና ዝርዝሩን ገለበጥኩት፦ ከወጪው ከሲሶ የሚበልጠው የጌሙን ምስል ለሚሠራው ካርድ፣ ፕሮሰሰሩ ደግሞ ካርዱን የማያስጠብቅ ይሁን እንጂ ከዚያ በላይ አያስፈልግም።

የገጠመልን ፍራንኮ አካባቢ ያለ ትንሽ ኮምፒውተር ቤት ነው። ባለሙያው ዋጋ ሳይጠራ በፊት «እህቴ፣ ሞኒተራችሁ ምን ዓይነት ነው?» አለኝ። እዚያው አመንኩት። የኛ የምስል ጥራቱ 1080ፒ፣ 75 ኸርዝ ነው፤ በሰከንድ ከ75 ምስል በላይ አያሳይም። ለዚህ ባለ 8 ጊጋው አርኤክስ 6600 ካርድ ይበቃል፤ የእግር ኳሱ ጌም ኤፍሲም ጂቲኤ 5ም ሳይቆራረጡ ይሄዳሉ።

ፕሮሰሰሩ ራይዘን 5 5600 ባለ 6 ኮር ነው። 5600ጂ የሚባለው ሌላው ፕሮሰሰር የራሱ ግራፊክስ ስላለው ሻጮች ያቀርቡታል፤ ለካርድ ብር ላልሞላለት ደህና ነው። ካርድ ለሚገዛ ግን አልመክረውም። አርኤክስ 6600 ሁሉም ክፍል ከሚሰካበት ማዘርቦርድ ጋር የሚገናኘው በ8 መስመር ብቻ ስለሆነ ፈጣኑን የግንኙነት ትውልድ፣ ፒሲአይ 4ን ይፈልጋል፤ 5600ጂ በፒሲአይ 3 ይቆማል። ቢ550 ማዘርቦርድ የወሰድነውም ለዚሁ ነው። ራሙ 16 ጊጋ፣ ባለ 8 ሁለት ፍሬ ነው።

ለማሽኑ ኃይል በሚያከፋፍለው ፓወር ሰፕላይ ላይ ግን እባካችሁ አትቆጥቡ። ከኬዙ (ከሳጥኑ) ጋር የሚሰጠውን ስም የለሽ ተውትና ለብቻው ግዙ። ካርዱ 132 ዋት ይበላል፣ አምራቹ ኤኤምዲ ለሙሉው ማሽን 450 ዋት ይመክራል፤ እኛ 550 ዋት፣ የኃይል ብቃት ደረጃው ብሮንዝ የሆነ አደረግን። መብራት እየተዋዠቀ በሚመጣበት ሰፈር ፓወር ሰፕላዩ ከተቃጠለ ሌላውንም ይዞ ሊሄድ ይችላል። ስታቢላይዘርም ጨምሩ።

ኬዙ ፊቱ ወንፊት የሆነ ነው፤ ለአዳማ ሙቀት የግድ ነው። ከከተማው ዳር ተርባይኑን የሚያዞረው ነፋስ ግን አቧራውን ቤት ድረስ ያመጣል፣ ስለዚህ ማጣሪያውን ቶሎ ቶሎ ማራገፍ አለ።

ከሱቁ ያልወደድኩት አንድ ነገር፦ ፍጥነቱ 3200 የሆነውን ራም በ2133 እየሠራ ነው ያስረከቡን። ባዮስ (የማዘርቦርዱ ማስተካከያ ገጽ) ውስጥ ራሙን በሙሉ ፍጥነቱ የሚያሠራውን ኤክስኤምፒን ማብራት የደቂቃ ሥራ ነው፤ ሳያበሩ መስጠት ግን ደንበኛው የከፈለበትን ማስቀረት ነው። ስትረከቡ እዚያው አስከፍታችሁ እዩ።

በጀቱ ከዚህ ለሚያንስ፣ ያገለገለ የቢሮ ዴል ላይ ጂቲኤክስ 1650 ካርድ መሰካት ይቻላል። ካርዱ 75 ዋት ብቻ ስለሚፈልግና ይህን ከማዘርቦርዱ ማግኘት ስለሚችል ተጨማሪ የኃይል ገመድ የማይጠይቀውን ምረጡ፤ ቀጭኑ ዴል ከሆነ ደግሞ አጭር ቁመት ያለውን። ብር ከመክፈላችሁ በፊት ኬዙን ከፍታችሁ ቦታውን ለኩ።