ዓለም አቀፍ የዶላር ካርድ ከደሴ ሲወጣ፦ የሚያዋጣበትና ገንዘብ የሚበላበት ቦታ

ደሴ ፒያሳ ላይ ካሉት ባንኮች ወደ አንዱ ገብቶ «ውጭ አገር የሚሠራ ካርድ ፈልጌ ነበር» ያለ ሰው መጀመሪያ የሚጠየቀው «ቪዛ አለዎት?» ተብሎ ነው። የተጠየቀው የመግቢያ ፈቃዱን ነው፤ ደንበኛው ግን ከኪሱ የኤቲኤም ካርዱን አውጥቶ ጥግ ላይ የተጻፈውን «ቪዛ» ያሳያል። ያስቃል፣ ግን ብዙ ሰው የሚሳሳተው እዚያው ላይ ነው። ከብር ሒሳብ ጋር የተሳሰረው የዘወትር ካርድ ምልክቱ ስላለበት ብቻ ጅዳ ወይም ዱባይ ላይ ገንዘብ አይሰጥም። ይህን አውሮፕላን ማረፊያ ደርሶ ያወቀ ሰው የሚተርፈው መንገድ ከዘመድ መበደር ነው።

እዚህ የምንገመግመው ሌላውን ካርድ ነው፤ በርካታ የአገራችን ባንኮች ለመንገደኛ የሚያዘጋጁትን፣ አስቀድሞ ዶላር የሚሞላበትን። ባጠቃላይ ከአምስት ኮከብ ሦስት ተኩል ሰጥተነዋል። ሱቅ ገብቶ ለመክፈል አምስትም አይበዛበት፤ ከማሽን ጥሬ ገንዘብ ለማውጣት ግን ሁለትም ይበዛበታል።

የሚጠየቀው ሰነድ ብዙ አይደለም፦ ፓስፖርት፣ የመግቢያ ቪዛ፣ የአውሮፕላን ትኬትና የማመልከቻ ቅጽ። ለንግድ የሚሄድ ሰው የንግድ ፈቃዱንና የግብር ከፋይ መለያ ቁጥሩን ጨምሮ ቢይዝ ከመመላለስ ይድናል። የሚያስቸግረው ቀኑ ነው። ካርዱ በየቅርንጫፉ መሳቢያ ውስጥ ተደርድሮ አይጠብቅም፤ ከአዲስ አበባ እስኪላክ ቀናት ሊወስድ ይችላል፣ ቅርንጫፉ የሚሸጠው ዶላር ያላገኘበት ቀንም ይኖራል። ስለዚህ የኮምቦልቻ ሰው ሀረጎን ወጥቶ ደሴ ከመድረሱ በፊት ቢደውል ይሻለዋል፤ ያው ባንክ ኮምቦልቻ ቅርንጫፉ ላይ ካርዱን ይሰጥ እንደሆነም በዚያው ይጠይቅ። ከበረራው ሁለት ሳምንት ቀድሞ መጀመር በቂ ነው። በሐጅና በረመዳን ዑምራ ሰሞን ሦስት ይሁን።

ዋጋው ላይ እንምጣ። ከሐምሌ 22 ቀን 2016 ዓ.ም. ጀምሮ ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን በመደረጉ ባንኮች ጠዋት ጠዋት የሚለጥፉት የመሸጫ ዋጋ ከባንክ ባንክ ይለያያል። ሰሌዳውን ብቻ አይቶ መወሰን ግን ያሳስታል፤ ኮሚሽኑ፣ የካርድ ማውጫውና የመሙያው ክፍያ ሰሌዳው ላይ ላይኖሩ ይችላሉ። ትክክለኛው ጥያቄ «አንድ ሺህ ዶላር ካርዱ ላይ እንዲገባልኝ በጠቅላላው ስንት ብር ይቀነሳል?» የሚለው ነው። መልሱን ለ1,000 አካፍሎ ባንኮቹን በዚያ ቁጥር ማወዳደር። ለማስላት ያህል፣ ሰሌዳው ላይ 150 ጽፎ 3 በመቶ ኮሚሽን የሚጨምር ባንክ ዶላሩን በ154 ብር ከ50 እየሸጠ ነው፤ 152 ለጥፎ 1 በመቶ የሚጠይቀው ደግሞ በ153 ብር ከ52 ሳንቲም። ውድ የመሰለው ረከሰ። ፒያሳ ላይ ባንኮቹ ስለሚቀራረቡ ይህን ጥያቄ ለሦስቱ ለማቅረብ ግማሽ ቀን አይፈጅም፤ በአንድ ቀን መጠየቁ ግን ግድ ነው፣ የትናንት ዋጋ ከዛሬ ጋር አይወዳደርም።

እዚያው ቆማችሁ አራት ተጨማሪ ነገሮችን ጠይቁና ጻፉ፦ አንድ ጊዜ ከኤቲኤም ሲወጣ ባንኩ የሚቆርጠው ስንት ነው፣ ከዶላር ውጭ ባለ ገንዘብ ሲከፈል ስንት በመቶ ይታከላል፣ ቀሪ ሒሳብ በማሽን ሲታይ ያስከፍላል ወይ፣ ስመለስ የተረፈውን ለማስመለስስ? ብዙ ሰው የመጀመሪያውን ብቻ ጠይቆ ይወጣል። ሁለተኛው ነው ሳይታይ የሚበላው፤ ካርዱ ላይ ያለው ዶላር ነው፣ የሚከፈለው በሪያል ወይም በድርሃም ነው፣ በመካከል ያለውን ልወጣ የካርዱ ድርጅት (ለምሳሌ ቪዛ ወይም ማስተርካርድ) ይሠራዋል፣ ባንኩም በዚያ ላይ የራሱን መቶኛ ሊጨምር ይችላል።

አሁን ማሽኑ ፊት እንቁም። ከአገር ውጭ ጥሬ ገንዘብ ሲወጣ ሦስት እጆች ይዘረጋሉ፦ ካርዱን የሰጠው ባንክ፣ የማሽኑ ባለቤት የሆነው የውጭ ባንክ፣ እና የምንዛሪው ልዩነት። የመጀመሪያዎቹ ሁለቱ ብዙውን ጊዜ በየግብይቱ የሚቆረጡ ቋሚ ክፍያዎች ናቸው፤ 50 ዶላር አወጣችሁም 300 ያው ናቸው። ሁለቱ ተደምረው 6 ዶላር ቢሆኑ፣ 50 ለሚያወጣ ሰው 12 በመቶ ነው፤ 300 በአንዴ ለሚያወጣ 2 በመቶ። ያንኑ 300 በአራት ጊዜ እያነሳ በየቀኑ የሚያወጣ ሰው 24 ዶላር ይከፍላል። «እንዳይጠፋብኝ በጥቂት በጥቂቱ» የሚለው ጥንቃቄ የሚያስከፍለው ይህን ነው። የውጭው ባንክ ክፍያውን ከማስከፈሉ በፊት ስክሪኑ ላይ ይናገራል፤ ብዙ መሰላችሁ እንደሆን ሰርዛችሁ ካርዱን ተቀበሉና ሌላ ባንክ ማሽን ሞክሩ።

ሆኖም ከሁሉም የከፋው ሌላ ነው። ማሽኑ ወይም የሱቁ ፖስ (ሻጩ በካርድ የሚያስከፍልበት መሣሪያ) ካርዱ የዶላር መሆኑን ሲያውቅ «ሒሳቡን በዶላር ላድርግልዎት?» ይላል። ለደንበኛው ያዘነ ይመስላል። እሺ ካላችሁ ልወጣውን የሚሠራው የካርዱ ድርጅት መሆኑ ይቀርና የማሽኑ ባለቤት በራሱ ዋጋ ይሠራዋል፤ ዋጋውም በጥቂት በመቶ ከፍ ያለ ነው፣ አንዳንዴም በጣም። መልሱ ሁልጊዜ እምቢ ነው፣ በአገሬው ገንዘብ ይሁን። በእንግሊዝኛው ስክሪን ላይ «ዊዝ ከንቨርዥን» እና «ዊዝአውት ከንቨርዥን» የሚሉ ሁለት ቁልፎች ይመጣሉ፤ የሚነካው ሁለተኛው ነው። በሌላ ማሽን ላይ ደግሞ «አክሴፕት» (እሺ) እና «ዲክላይን» (እምቢ) ይላል። እዚህ ላይ ነው ሰው የሚፈራው፤ «ዲክላይን» ሲባል ገንዘቡ የሚቀር ይመስለዋል። አይቀርም። የሚቀረው የእነሱ ልወጣ ብቻ ነው፣ ማሽኑ ገንዘቡን ቆጥሮ ይሰጣል። ሱቅ ውስጥ ደግሞ ሻጩ ሳይጠይቃችሁ ቁልፉን ሊነካው ስለሚችል፣ የሚስጥር ቁጥር ከማስገባታችሁ በፊት ስክሪኑ ላይ ያለው መጠን በየትኛው ገንዘብ እንደተጻፈ እዩ።

የወሎ ሰው አዘውትሮ የሚሄድባቸው አገሮች ገንዘብ ከዶላር ጋር የተቆራኘ መሆኑ ለዚህ ትልቅ እፎይታ ነው፤ መበለጥን በቃል ማስላት ይቻላል። አንድ ዶላር 3.75 የሳዑዲ ሪያል ነው፣ ከ1986 እ.ኤ.አ. ጀምሮ አልተነቃነቀም። 3.6725 የኤምሬትስ ድርሃም ነው፤ ይህም ከ1997 እ.ኤ.አ. ወዲህ ያው ነው። 177.721 የጅቡቲ ፍራንክ ነው። እንግዲህ 450 ሪያል የሚል ዕቃ ልክ 120 ዶላር መሆን አለበት። ከዱባይ ማሽን 1,000 ድርሃም ስታወጡ 272 ዶላር ከ29 ሳንቲም አካባቢ መቀነስ አለበት፤ ስክሪኑ 288 ካለ ወደ 6 በመቶ የሚጠጋ እየተወሰደባችሁ ነውና ሰርዙ። እነዚህን ሦስት ቁጥሮች ስልክ ላይ ጽፎ መያዝ ካርዱን ከመያዝ አይተናነስም።

ለዑምራ መንገደኛ ካርዱን አጥብቀን እንመክራለን። በቡድን የሚሄድ ሰው ማደሪያውንና መጓጓዣውን ቀድሞ ከፍሏል፤ የሚቀረው ምግብ፣ ታክሲና ስጦታ ነው። መካና መዲና ውስጥ ትናንሽ ሱቆች ጭምር ፖስ ስላላቸው በቀጥታ ከፍሎ ከማሽን የሚወጣውን ወደ አንድ ወይም ሁለት ጊዜ ማሳነስ ይቻላል። ዱባይ ለሸቀጥ ለሚሄደው የደሴ ነጋዴ ግን ነገሩ ይለያል። ለሆቴልና ለምግብ ካርዱ ጥሩ ነው፤ የጅምላ ገበያው ውስጥ ግን በካርድ ለሚከፍል ጭማሪ የሚጠይቅ፣ በጥሬው ለሚከፍል ዋጋ የሚቀንስ ሻጭ አለ። ለዋናው የሸቀጥ ክፍያማ የመንገደኛ ካርድ መንገዱ አይደለም፤ እሱ በባንክ የአስመጪ አሠራር ነው የሚሄደው።

ጅቡቲ ላይ ካርዱን ቦርሳ ውስጥ ተዉት ባይ ነን። በባቲ፣ በሚሌና በጋላፊ አድርጎ ለሚወርድ ሰው፣ ከባንክ የተገዛ ጥሬ ዶላር ይሻለዋል። ፍራንኩ ከዶላር ጋር ስለተሰፋ በከተማዋ መንገድ ዳር ተቀምጠው የሚመነዝሩት ሴቶች የሚሰጡት ዋጋ ከተቆረጠው ብዙ አይርቅም፤ ለ100 ዶላር 17,772 ፍራንክ የሚለውን ይዞ መከራከር ነው። ማሽን መጠቀም ግድ ከሆነ ስክሪኑ ፈረንሳይኛ ሊሆን ስለሚችል ሦስት ቃል ያዙ፦ «ሬትሬ» ማውጣት፣ «ሶልድ» ቀሪ ሒሳብ፣ «ረሱ» ደረሰኝ።

ሆቴል ሌላ ወጥመድ አለው። ሲገቡ ካርዱን ተቀብሎ ለዋስትና የተወሰነ ገንዘብ ይይዛል። አልተቀነሰም፣ ግን ማዘዝ አትችሉም። በብድር ካርድ ላይ ይህ አይሰማም፤ 400 ዶላር በተሞላ ካርድ ላይ 200 ከተያዘ ግን ግማሹ ታሰረ ማለት ነው፣ ከወጣችሁ በኋላም እስኪለቀቅ ቀናት አንዳንዴም ሳምንታት ይወስዳል። የዋስትናውን በጥሬ ገንዘብ አስይዛችሁ ሒሳቡን መጨረሻ ላይ በካርድ ክፈሉ። መኪና የሚከራይ ሰው የሚያዝበት ከዚህም ይበልጣል።

ማሽኑ እምቢ ሲል ብዙ ጊዜ ምክንያቱ ቀላል ነው። 300 ዶላር ያለበት ካርድ 300 አይሰጥም፣ ክፍያውም ከዚያው ስለሚወጣ ዝቅ አድርጋችሁ ጠይቁ። የቀን ጣሪያም አለ። የሒሳብ ዓይነት ሲጠይቅ አንዱ ካልሠራ ሌላውን ምረጡ። የሚስጥር ቁጥር ግን መገመት የለም፤ ሦስተኛው ስህተት ካርዱን ያስቆልፈዋል፣ ማስከፈቻውም ደሴ ነው። በኢንተርኔት ለመክፈል የሚመጣው የአንድ ጊዜ ኮድ በአጭር መልእክት ወደ ኢትዮጵያ ቁጥራችሁ ስለሚላክ ሮሚንጉን (ቁጥሩ ውጭ አገር እንዲሠራ የሚያደርገውን አገልግሎት) ከመነሳታችሁ በፊት አስከፍቱ።

ማሽኑ ገንዘቡን ሳይሰጥ ሒሳቡ ከተቀነሰ ከውጭው ባንክ ዘበኛ ጋር መጨቃጨቅ ዋጋ የለውም። አቤቱታው የሚቀርበው ካርዱን ለሰጠው ባንክ ነው፤ የማሽኑን ባንክ ስም፣ ቀንና ሰዓቱን፣ መጠኑንና ወረቀቱን ያዙ። ወረቀት ካልወጣ ስክሪኑን በስልክ አንሱት። ይመለሳል፣ ግን ለዚያ ጉዞ አይደርስም። አንድ ካርድ ብቻ ይዞ መውጣት የሌለበትም ለዚህ ነው፤ ከጠቅላላው ሩብ ያህሉ በጥሬ ዶላር ይሁን። ገንዘብ ቆጣሪው የሚሰጣችሁን ኖት እዚያው እያያችሁ ተቀበሉ፦ የተቀደደ፣ ማኅተም የተመታበት፣ በእስክሪብቶ የተጻፈበት አይሁን። መቶ ዶላሩ ከ2013 እ.ኤ.አ. ወዲህ የወጣው ሰማያዊ ጭረት ያለው ቢሆን ይመረጣል፤ አሮጌውንና ትንንሹን ኖት ብዙ የውጭ መንዛሪ በዝቅተኛ ዋጋ ነው የሚቀበለው። የባንኩን የመግዣ ደረሰኝ ከፓስፖርቱ ጋር አኑሩት፣ ቦሌ ላይ ቢጠየቅ የሚያወጣው እሱ ነው። ከጥቁር ገበያ የተገዛ ዶላር ሕገ ወጥ መሆኑ ሳያንስ ይህ ወረቀት የለውም።

ሲመለሱ ካርዱ ላይ የተረፈው ዶላር ወደ ብር የሚለወጠው በመግዣ ዋጋ ነው፣ የገዛችሁት ግን በመሸጫ ዋጋና በኮሚሽን ነበር። የመጨረሻውን የሆቴል ሒሳብ በካርድ ከፍሎ ጥሬውን ዶላር ማስተረፉ የሚያዋጣው ለዚህ ነው። ጥቂት ዶላር ቀርቶበት ሌላ ጉዞ ካለ ደግሞ አታስመልሱት፤ ፊቱ ላይ የተጻፈውን የማብቂያ ወርና ዓመት አይታችሁ ካርዱን መሳቢያ ውስጥ አስቀምጡት።