ካርቶን ይሻላል ወይስ ጠርሙስ?

እኔ የምንጣፍ ጫፍ ከታጠፈ እንቅልፍ የማይወስደኝ እናት ነኝ። ልጄ ደግሞ ቆርኪ ይሰበስባል። ብይ፣ ድንጋይ፣ የማስቲካ ወረቀትም አይቀረውም። አንዴ በድብቅ ብጥልበት ሦስት ቀን አኮረፈኝ። ከዚያ ወዲህ ሁለት መላ ሞክረናል።

መጀመሪያ የጫማ ካርቶን። አልጋ ስር ይገባል፣ ከዓይን ይሰወራል። ሕጉም ቀላል ነው፦ ክዳኑ አልገጥም ካለ የሚጣለውን ራሱ ይመርጣል። ለእኔ ግልግል ነበር። ግን አንዲት ቆርኪ ሲፈልግ ሁሉንም ምንጣፍ ላይ ይዘረግፈዋል። ሳይደርቅ የገባ ቆርኪ ደግሞ ይዝጋል፤ ካርቶኑም ይሸታል።

ቀጥሎ ባዶ የኦቾሎኒ ቅቤ ጠርሙሶች። ቆርኪው ለብቻ፣ ብዩ ለብቻ ሆኖ ሳሎን መስኮት ላይ ተደረደረ። አቧራ መጥረጉ የእኔ ዕዳ ሆነ። እውነቱን ለመናገር ቤቱም ሱቅ መሰለ። ግን ልጁ ሳይዘረግፍ ያየዋል። በቀለም መለየት የጀመረውም ያኔ ነው። አንድ ማታ የአንዱን ቆርኪ ጥርስ በጣቱ እየነካ ቆጠረ፦ 21። ሌላ አነሳ፣ ያም 21። «እማዬ፣ ሁሉም እኩል ነው!» ስንት ዓመት ለስላሳ ስከፍት ኖሬ እኔ ቆጥሬው አላውቅም።

ቤት ውስጥ ሕፃን ካለ (ብይ ይዋጣል!) ካርቶኑን ቁም ሳጥን አናት ላይ ማስቀመጥ ይሻላል። እኛ ቤት ጠርሙሱ አሸንፏል። ድንጋዮቹ ግን በረንዳ ላይ ናቸው። እነሱን ሳሎን አላስገባም።