መኪናዬን ለበረዶ ላዘጋጁልኝ መካኒክ

መኪናዬን ለበረዶው ወቅት ያዘጋጁልኝን መካኒክ በአደባባይ ላመስግናቸው። ስማቸው እንዲጻፍ አይወዱም። ሥራቸውን መናገር ግን አልከለከሉኝም።

መኪናዋ ስትገባ ደህና ነበረች። ቁልፉን እንዳዞርኩ ትነሳለች። እሳቸው ግን "ዛሬ መነሳቷን ተያት፤ ብርዱ ሲመጣ ነው የሚታየው" ብለው ባትሪውን በጭነት መፈተሻ፣ ማለትም ኃይል እያስወጣ በሚለካ መሣሪያ፣ ለኩት። ዝም ብሎ ሲታይ ቮልቱ ሙሉ ነው። ጭነት ሲያርፍበት ወዲያው ወረደ። ከዜሮ በታች 18 ዲግሪ ላይ ጤነኛ ባትሪ እንኳ ግማሽ ያህል ጉልበቱን ያጣል። የሞተር ዘይቱም በብርዱ ስለሚወፍር ሞተሩን የሚያስነሳው ሞተሪኖ የበለጠ ጉልበት ይፈልጋል። የደከመ ባትሪ ይህን ሁለቱን አይችልም። ስለዚህ ተቀየረ።

ጎማ ላይ ደግሞ አዲስ ግዢ ይሉኛል ብዬ ነበር። ያለፈው ዓመት የበረዶ ጎማዎቼን ጥርስ ለኩና "6 ሚሊሜትር አለው፣ ዘንድሮን ያደርስሻል፤ ከ4 ሲወርድ ነይ" አሉኝ። ሸጠው ማትረፍ ሲችሉ! አራቱንም አሰሩልኝ። ሁለት ብቻ የሚያስሩ ሰዎች አሉ። ከፊት ብቻ ከታሰረ ግን ፊቷ መሬት ሲይዝ ኋላዋ ይንሸራተታል። የበጋ ጎማ ሙቀቱ ከ7 ዲግሪ ሲወርድ መጠንከር ስለሚጀምር በረዶ እስኪጥል መጠበቅም አያስፈልግም ብለውኛል። የጎማውን ነፋስ በየጊዜው እንዳስለካም አደራ አሉኝ፤ ሙቀቱ በ5 ወይም 6 ዲግሪ በቀነሰ ቁጥር 1 ፒኤስአይ (የነፋሱ ግፊት መለኪያ ነው) ገደማ ይወርዳል።

የራዲያተሩን ውሃ በመሣሪያ አዩት። ውሃው እንዳይረጋ የሚጨመረው አንቲፍሪዝ ከውሃው ጋር ግማሽ በግማሽ ስለሆነ እስከ ከዜሮ በታች 37 ዲግሪ ገደማ አይረጋም፤ አልነኩትም። የመስታወት ማጠቢያውን ውሃ ግን አስወጥተው የማይረጋውን ሞሉበት። ፍሬኑን፣ መብራቱንና የመስታወት መጥረጊያውን አይተው ጨረሱ።

ወሬ ይወዳሉ፣ ይህን ልደብቃችሁ አልችልም። "በአራቱም እግር የሚነዳ መኪና ስላለኝ አልሰጋም" የሚል ደንበኛ ከመጣማ ቁጭ አድርገው ነው የሚያስተምሩት፦ ለመነሳት ይረዳል እንጂ ለመቆም አይረዳም።

አድራሻቸውን የምትፈልጉ በውስጥ መስመር ጻፉልኝ። ሳትደውሉ ግን አትሂዱ። የመጀመሪያው በረዶ ከጣለ በኋላ ወረፋቸው አይቻልም።