ለሳሎን ኮምፒውተር የትኛው ሪሞት ይሻላል? ከወራት አጠቃቀም በኋላ

መልሱን ከፊት ልናገር። ቲቪ ላይ ለተሰካ ኮምፒውተር የሚሻለው ሪሞት ጥቂት ቁልፍ ያለው፣ በጨለማ በዳበሳ የሚታወቅ፣ የተኛውን ኮምፒውተር የሚቀሰቅስ ሪሞት ነው። ሌላው ሁሉ ትርፍ ነው። እኔ ለወራት እየተጠቀምኩ ያለሁት ፍሊርክ የሚባል ትንሽዬ የዩኤስቢ ኢንፍራሬድ መቀበያና አንድ ተራ የቲቪ ሪሞት ነው። ከዚያ በፊት መዳሰሻ ሰሌዳ ያለውን ገመድ አልባ ኪቦርድ፣ ኤር ማውስ የሚሉትን በአየር ላይ እያወዛወዙ የማውሱን ቀስት የሚነዱበትን ሪሞት፣ የስልክ አፕም ተጠቅሜያለሁ። ሁሉም የሚመቹበት ቦታ አላቸው። ማታ ቤተሰብ ተሰብስቦ ፊልም ሲከፈት ግን እጅ የሚዘረጋው ወደ አንዱ ብቻ ነው።

ኮምፒውተሩ ቲቪው ስር የተቀመጠ ሚኒ ፒሲ ነው። ዊንዶውስ ላይ ይሠራል፣ ሲነሳ ቀጥታ ኮዲ የሚባለውን የፊልምና የሙዚቃ ማጫወቻ ፕሮግራም ይከፍታል። ኮዲ ድሮ ኤክስቢኤምሲ ይባል ነበር፣ ስሙን የቀየረው በ2014 እ.ኤ.አ. ነው፤ ስለዚህ የቆዩ መመሪያዎች ላይ የድሮውን ስም ብታዩ ስለዚሁ ፕሮግራም ነው የሚያወሩት። ኮዲን የምወደው ከመጀመሪያውም ከሶፋ ላይ ሆኖ ለሚያይ ሰው ስለተሠራ ነው። አራት ቀስቶች፣ ኢንተርና ባክስፔስ ካሉ ሁሉም ቦታ ትደርሳላችሁ። ስፔስ ያቆማል፣ ያስቀጥላል። የኪቦርዱ ኤክስ ፊደል ፊልሙን ይዘጋል። ቲ የግርጌ ጽሑፉን ያመጣል ወይም ያጠፋል። አይ (I) ስለሚታየው ነገር መረጃ ይሰጣል። ኤስ የመዝጊያውን ሜኑ ያወጣል።

ይህን ያወቀ ሰው ምርጫው ይቀልለታል። ኮዲ ቁልፉ ከምን እንደመጣለት አያገባውም፣ ኪቦርድ መስሎ የሚቀርብ ማንኛውም ነገር ያዘዋል። ፍሊርክ የሚሠራውም ይህንኑ ነው። ከሪሞቱ የሚመጣውን የኢንፍራሬድ ምልክት ተቀብሎ ለኮምፒውተሩ «የላይ ቀስት ተጭኗል» ብሎ ያቀብላል። ኮምፒውተሩ የሚያየው ኪቦርድ ነው፣ ድራይቨር አይፈልግም። ማለማመዱም ቀላል ነው። ፕሮግራሙን ትከፍታላችሁ፣ ስክሪኑ ላይ ያለውን ቁልፍ ትመርጣላችሁ፣ ከዚያ ሪሞታችሁ ላይ የምትፈልጉትን ትጫናላችሁ፣ በቃ። ያስተማራችሁት ነገር የሚቀመጠው ራሱ መቀበያው ውስጥ ስለሆነ ነቅላችሁ ሌላ ኮምፒውተር ላይ ብትሰኩትም እንዳለ ይሠራል።

ይህ የመጨረሻው ነጥብ ለእኔ ትልቅ ነው። ሎጂቴክ ሃርመኒ የሚባሉትን ሪሞቶች ማምረት ማቆሙን ያስታወቀው በ2021 ነው። ማይክሮሶፍትም ዊንዶውስ 10ን በ2015 ሲያወጣ ሚዲያ ሴንተር የሚባለውን የፊልም ማጫወቻውን ከነጭራሹ አስቀርቶታል። አረንጓዴ ቁልፍ ያላቸው የሚዲያ ሴንተር ሪሞቶች ግን ዛሬም ይሠራሉ፣ ምክንያቱም የሚልኩት ተራ የኢንፍራሬድ ምልክት ነው፣ ተቀባይ ካገኘ አላለቀለትም። ስለዚህ ሪሞት ስትመርጡ ካምፓኒው ነገ ቢተወው ምን ይቀርልኛል ብላችሁ ጠይቁ። ለመስተካከል አካውንትና ሰርቨር የሚፈልግ ሪሞት ለእኔ አይሆነኝም።

ሪሞቱን ራሱን ስትመርጡ አንድ ዘዴ ልንገራችሁ። ቤታችሁ ያለውን የቲቪ ሪሞት ለኮምፒውተሩ ካስተማራችሁት ጣጣ አለው። ቀስት በተጫናችሁ ቁጥር ኮዲም ቲቪውም አንድ ላይ ይንቀሳቀሳሉ። የሚሻለው ብዙ ዕቃ የሚያዝ ዩኒቨርሳል ሪሞት ይዛችሁ፣ ቤታችሁ ውስጥ የሌለ የቲቪ ብራንድ ኮድ መስጠት ነው። ያን ኮድ የሚሰማ ሌላ ዕቃ የለም፣ መቀበያው ብቻ ይማረዋል። ብዙዎቹ ዩኒቨርሳል ሪሞቶች ደግሞ የድምፅ ቁልፎቹን ለብቻቸው ለቲቪው ወይም ለአምፕሊፋየሩ እንድትሰጡ ይፈቅዳሉ። ይህን አድርጉት። በተለይ ዶልቢ ወይም ዲቲኤስ በሚባሉት መንገዶች የታሸገ የፊልም ድምፅን ሳይፈታ በቀጥታ ወደ አምፕሊፋየር የምትልኩ ከሆነ የኮምፒውተሩ የድምፅ መቀነሻ ምንም አይሠራም፣ ብትጫኑት ብትጫኑት ወይ ፍንክች። ድምፁን መያዝ ያለበት የመጨረሻው ዕቃ ነው።

የእኔ ሪሞት ሲታይ ምንም አያስደንቅም። ጥቁር ነው፣ ስክሪን የለውም፣ መብራት የለውም። መሀሉ ላይ ግን ኦኬ ቁልፉ ጎድጎድ ብሎ አውራ ጣት የሚያስቀምጥ ቦታ ሠርቷል፣ ዙሪያውን ቀስቶቹ እንደ ቀለበት ከፍ ብለው ከበውታል። ማቆሚያው ከሌሎቹ ተነጥሎ ከታች ለብቻው ነው፣ ላዩ ላይ የምትዳሰስ ትንሽ ጉብታ አለች። መብራት ጠፍቶ ዐይኔን ከፊልሙ ሳልነቅል አውራ ጣቴ ራሱ ይደርስበታል። እናቴ መነጽር ሳታደርግ ትጠቀመዋለች። ቀዩን ትጫናለች፣ ኮምፒውተሩ ይነሳል፣ ወደ ታች፣ ወደ ታች፣ ኦኬ። ማንንም አትጠራም። ስለ አንድ ሪሞት ከዚህ የሚበልጥ ምስክርነት አላውቅም።

አሁን ዋናው ጉዳይ፣ መቀስቀስ። ብዙ ሰው ሪሞቱን ገዝቶ የሚበሳጨው እዚህ ላይ ነው። ኮምፒውተር ከናካቴው ከጠፋ አብዛኛውን ጊዜ በዩኤስቢ ማስነሳት አይቻልም፣ ስለዚህ መተኛት እንጂ መጥፋት የለበትም። ኮዲ ውስጥ በኃይል ቁጠባ ሴቲንግ ስር የመዝጊያ ቁልፉ ምን እንደሚያደርግ መምረጥ ትችላላችሁ፣ እንዲያስተኛ አድርጉት። ቀጥሎ ዊንዶውስ ላይ ዲቫይስ ማኔጀር ውስጥ ኪቦርዶች የሚለውን ከፍታችሁ፣ ከመቀበያው ፓወር ማኔጅመንት ገጽ ላይ ይህ ዕቃ ኮምፒውተሩን እንዲቀሰቅስ ፍቀድ የሚለውን ምልክት አድርጉ። ይህም ሆኖ ካልነሳ ባዮስ ውስጥ ግቡ፣ ዊንዶውስ ከመነሳቱ በፊት የሚከፈተው የኮምፒውተሩ መሠረታዊ ሴቲንግ ማለቴ ነው። ኢአርፒ የሚባል የኃይል ቁጠባ አማራጭ ካለና ከበራ፣ ኮምፒውተሩ ሲተኛ ወይም ሲጠፋ የዩኤስቢውን ኤሌክትሪክ ሊቆርጠው ይችላል። አጥፉት። ለማረጋገጥ ከሥሩ መብራት ያለው የዩኤስቢ ማውስ ሰክታችሁ ኮምፒውተሩን አስተኙት፤ የማውሱ መብራት ካልጠፋ ያ ሶኬት ኃይል አለው ማለት ነው። አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ የፊቱ ሶኬት ኃይል አጥቶ የኋላው ይኖረዋል፣ ወይም በተቃራኒው። ሁሉንም ሞክሩ። አንዴ ከተስተካከለ በኋላ ግን እፎይ ነው፣ እኔ ከዚያ ወዲህ ነክቼው አላውቅም።

ኢንፍራሬድ የራሱ ድክመት አለው፣ አልደብቅም። መቀበያው መታየት አለበት። ሚኒ ፒሲው ቲቪው ጀርባ ከተንጠለጠለ ምልክቱ አይደርስም፣ በዩኤስቢ ማራዘሚያ ገመድ መቀበያውን ወደ ቲቪው ጠርዝ ማምጣት ያስፈልጋል። የሪሞቱ አምፖል የሚልከው ዐይን የማያየው ብርሃን ነው፣ አብዛኛውን ጊዜ 940 ናኖሜትር አካባቢ። ከክፍሉ መብራት እንዲለይም በሰከንድ ወደ 38 ሺህ ጊዜ ያህል እያብለጨለጨ ነው የሚላከው። ሆኖም በመስኮት የገባ ፀሐይ መቀበያው ላይ በቀጥታ ካረፈ ያውረዋል። ሪሞቱ ይሠራ አይሠራ መሆኑን ማየት ከፈለጋችሁ የስልካችሁን ካሜራ ወደ አምፖሉ አዙሩና ቁልፍ ተጫኑ። ብዙ የስልክ ካሜራዎች፣ በተለይ የፊተኞቹ፣ ብልጭታውን ያሳያሉ። ብልጭታ ካለ ችግሩ ከመቀበያው ወይም ከሴቲንጉ ነው፣ ባትሪ አትቀይሩ።

ሌላው አንዴ ስትጫኑ ሁለቴ መዝለሉ ነው። ኤንኢሲ የሚባለው በጣም የተለመደ የሪሞት ቋንቋ ቁልፉ እስካልተለቀቀ ድረስ በየ110 ሚሊሰከንዱ ገደማ «አሁንም ተይዟል» የሚል አጭር ምልክት ይልካል። ጣታችሁ ትንሽ ከዘገየ ሜኑው ሁለት ደረጃ ይወርዳል፣ ልብ ያወልቃል። በፍሊርክ ፕሮግራም ውስጥ በአንድና በሚቀጥለው ምልክት መካከል ያለውን ቆይታ ከፍ ብታደርጉት ይስተካከላል። በጣም ከፍ ካደረጋችሁት ግን ረጅም ዝርዝር ላይ ቀስት ይዛችሁ መውረድ ቀርፋፋ ይሆናል። ለራሳችሁ ጣት የሚስማማውን ፈልጉ።

ኤር ማውሱን ለምን ተውኩት? መጥፎ ዕቃ ሆኖ አይደለም። ብራውዘር ከፍቶ ቪዲዮ ለሚያይ ሰው ከእሱ የተሻለ ነገር አላውቅም፣ ውስጡ ያለው ጋይሮስኮፕ የእጅን እንቅስቃሴ ተከትሎ ቀስቱን ደህና አድርጎ ይነዳዋል። በ2.4 ጊጋኸርትዝ ሬዲዮ ስለሚሠራም ኮምፒውተሩ ጀርባ ቢደበቅም ግድ የለውም። ኮዲ ላይ ግን አይመችም። ድምፅ ልቀንስ ብዬ ሳነሳው የማውሱ ቀስት ፊልሙ መሀል ብቅ ይላል። የእኔው ላይ ኦኬ ቁልፉ ኢንተር ሳይሆን የማውስ ክሊክ ነበር የሚልከው፣ የመረጥኩትን ትቶ ቀስቱ ያረፈበትን ይከፍተዋል። ባትሪ ለመቆጠብ ራሱም ስለሚተኛ የመጀመሪያዋ ጭነት እሱን ለመቀስቀስ ትጠፋለች፣ ሁለተኛዋ ናት ሥራ የምትሠራው። ኤር ማውስ ወይም ገመድ አልባ ኪቦርድ ይዛችሁ ምልክቱ የሚቆራረጥባችሁ ካላችሁ ደግሞ መቀበያው ከዩኤስቢ 3.0 ሶኬት ወይም ከውጫዊ ሃርድ ዲስክ አጠገብ መሆኑን ተመልከቱ። ኢንቴል በ2012 ባወጣው ጽሑፍ ዩኤስቢ 3.0 ሲሠራ በዚያው የ2.4 ጊጋኸርትዝ ሞገድ ላይ ረብሻ እንደሚፈጥር አሳይቷል። አጭር ማራዘሚያ ገመድ አድርጋችሁ አርቁት፣ ብዙ ጊዜ ይድናል።

ስልክ? ኮር የሚባለው አፕ ለአንድሮይድ ከራሱ ከኮዲ ሰዎች የወጣ ነው፣ ያትሴ የሚባል አፕም አለ፣ ሁለቱም ጎበዝ ናቸው። የፊልም ስብስባችሁን በስልክ ላይ እያገላበጡ መምረጥ ደስ ይላል፣ ስም ለመጻፍም ይፈጥናል። እኔ ዛሬም ለፍለጋ እጠቀምበታለሁ። ግን ለማቆም ያህል ስልክ መክፈት፣ አፕ መፈለግ፣ እሱ ከኮምፒውተሩ ጋር እስኪገናኝ መጠበቅ... እስከዚያ ንግግሩ አልፏል። የስክሪኑ ብርሃን ጨለማ ክፍል ውስጥ የጎረቤትን ዐይን ይወጋል። ባለ ስልኩ ከቤት ሲወጣ ደግሞ ሪሞቱም አብሮ ወጣ ማለት ነው። ዋናው ሪሞት የሳሎኑ እንጂ የአንድ ሰው መሆን የለበትም።

ኪቦርዱ መሳቢያ ውስጥ ነው። ፓስወርድ ለመጻፍ፣ ዊንዶውስ የሆነ መስኮት ከኮዲ ፊት ሲደቅን ለመዝጋት፣ ለዚህ ለዚህ አይጠገብም። ግዴታ ይኑራችሁ እላለሁ፣ ፍሊርክና ተራ ሪሞት ብቻውን ለመጻፍ አይሆንም፣ በቀስት ፊደል እየለቀሙ ረጅም ስም መጻፍ ያደክማል። ሶፋ ላይ ማዋል ግን አያስፈልግም። ሁለት እጅ ይፈልጋል፣ በጨለማም የቱ የቱ እንደሆነ አይለይም።

በነዚህ ወራት ውስጥ የጨመርኩት ነገር ቢኖር አንድ ነው። ኪማፕ ኤዲተር የሚባል የኮዲ ማሟያ አለ፣ ቁልፎች ምን እንደሚሠሩ ያለ ምንም ፋይል መጻፍ ከውስጥ ሆኖ ይቀይራል። ቢጫውን ቁልፍ ለግርጌ ጽሑፍ ሰጠሁት፣ ሰማያዊውን ደግሞ ጥቂት ወደ ኋላ ለመመለስ፣ ያልተሰማ ንግግር ደግሞ ለማድመጥ። የቀሩትን ሆን ብዬ ባዶ ተውኳቸው። ልጅ ሪሞቱ ላይ ቢቀመጥበት ምንም አይበላሽም። ባትሪውንም እስካሁን አልቀየርኩትም፣ ኢንፍራሬድ ሪሞት ኃይል የሚበላው ቁልፍ ሲጫኑት ብቻ ነው ማለት ይቻላል።

ኮምፒውተራችሁ ራስፕቤሪ ፓይ የሚባለው ባለ አንድ ሰሌዳ ትንሽዬ ኮምፒውተር ከሆነ ግን ምንም ከመግዛታችሁ በፊት የቲቪውን ሪሞት ሞክሩ። ኤችዲኤምአይ ገመድ ውስጥ ሲኢሲ የሚባል፣ በ13ኛው ፒን የሚሄድ የትእዛዝ መስመር አለ፣ ቲቪው የተጫናችሁትን ቁልፍ በዚያ በኩል ለኮምፒውተሩ ያቀብላል። ፓይ ይህን ይችላል። የአብዛኛው ተራ ፒሲ ኤችዲኤምአይ አይችልም፣ የእኔውም አይችልም፣ ለእንደዚህ ዓይነቱ ፐልስ-ኤይት የሚባል ኩባንያ የሚሠራው የዩኤስቢ አስማሚ አለ። ቲቪው ሴቲንግ ውስጥ ሲኢሲ የሚል ላታገኙ ትችላላችሁ። ሳምሰንግ ላይ አኒኔት ፕላስ፣ ኤልጂ ላይ ሲምፕሊንክ፣ ሶኒ ላይ ብራቪያ ሲንክ ይባላል፣ እሱን አብሩት። አንዳንድ ቲቪ ጥቂት ቁልፎችን ለራሱ ስለሚያስቀር ሁሉም አይሠሩም፤ ቀስቶቹ፣ ኦኬና መመለሻው ከሠሩ ግን መቀበያም ተጨማሪ ሪሞትም አያስፈልጋችሁም።