አርክቲክ ሊኪዊድ ፍሪዘር 2 ባለ 360፦ ለወራት ተጠቅሜበት ያየሁት

ይሄ የፒሲን ሲፒዩ (ዋናውን ፕሮሰሰር) በውሃ የሚያቀዘቅዝ ኩለር ነው፣ አሪፍ ነው፣ ያለ ምንም ችግር እየሰራ ነው፣ ብዙ ማውራት የምፈልገው ግን ስለ ፋን አደራደር ነው። ሰው ሁሉ "የትኛውን ልግዛ" ብሎ ይጠይቃል፣ ገዝቶ የት እንደሚገጥመው ግን አይጠይቅም፣ እኔ ጋ ትልቁን ለውጥ ያመጣው እሱ ነው።

ፒሲዬ ላይ ሲፒዩው ራይዘን 7 5800ኤክስ፣ ጂፒዩው (የግራፊክስ ካርዱ) ደግሞ አርቲኤክስ 3070 ነው፣ ቀን ቪዲዮ ኤዲቲንግ ማታ ጌም። 5800ኤክስ ሙሉ ጭነት ላይ እስከ 142 ዋት ይወስዳል፣ 90 ዲግሪ ሲደርስ ደግሞ ራሱ ፍጥነቱን ይቀንሳል። ካርዱ ለብቻው 220 ዋት ነው። ውሃው ይሄን ሙቀት አያጠፋውም፣ ከሲፒዩው አንስቶ ፋኖቹ የተገጠሙበት ራዲያተር ላይ ያደርሰዋል በቃ፣ ከዛ ወዲያ ስራው የአየር ነው።

አየር ካልኩ አይቀር፣ አዲስ አበባ ከባህር ጠለል ከ2,300 ሜትር በላይ ስለሆነች አየሯ በባህር ጠረፍ ካሉት ከተሞች ሩብ ያህል የሳሳ ነው፣ ፋኑ እኩል ቢሽከረከርም ይዞት የሚወጣው ሙቀት ያንሳል። ዩቲዩብ ላይ ያያችሁትን ዲግሪ እዚህ ካላገኛችሁ እቃው ተበላሽቷል ብላችሁ አትደንግጡ፣ ደግነቱ ቤታችንም ቀዝቃዛ ስለሆነ ትንሽ ያካክሰዋል።

ራዲያተሩን ሁለት ቦታ ሞክሬዋለሁ። ኬዙ (የፒሲው ሳጥን) ፊት ላይ አየር እንዲያስገባ አድርጌ ስገጥመው ሲፒዩው ቀጥታ የውጪ አየር ስለሚያገኝ ሬንደር (ኤዲት የተደረገውን ቪዲዮ ማውጣት) ላይ 75 ዲግሪ አካባቢ ነበር፣ በጣም ጥሩ ነው፣ ግን ጂፒዩው የሚስበው ራዲያተሩ ያሞቀውን አየር ነው፣ ጌም ሲከፈት ካርዱ ይግላል ፋኑም ይጮሃል። ከዛ ራዲያተሩን ወደ ላይ አወጣሁትና አየር እንዲያስወጣ አደረግኩት፣ ፊት ላይ ሶስት ባለ 140 ሚሊሜትር ፋን አስገባሁ። ጂፒዩው በ6 ዲግሪ ያህል ወረደ፣ ሲፒዩው ደግሞ 4 ያህል ጨመረ። ጌም ላይ ሲፒዩው ሙሉ አቅሙን ስለማይጠቀም 4 ዲግሪዋ አታስጨንቀኝም። ቀኑን ሙሉ በሲፒዩ ሬንደር ብቻ የሚሰራ ሰው ግን ፊት ላይ ቢያደርገው ይሻለዋል፣ የራዲያተሩ ጫፍ ከፓምፑ ከፍ ማለቱን ብቻ ያረጋግጥ፣ ውስጥ ያለችው ትንሽ አየር ሁሌ ወደ ላይ ስለምትወጣ ፓምፑ ከፍ ብሎ ከተቀመጠ እዛ ተሰብስባ ጉርጉር የሚል ድምጽ ታሰማለች፣ ፓምፑንም ትጎዳዋለች።

አቧራ ደግሞ አለ። የሚያስወጡት ፋኖች ከሚያስገቡት ከበለጡ ኬዙ በየቀዳዳው አየር ይስባል፣ ፊልተር የሌለበት ቦታ ሁሉ አቧራ ይገባል፣ ሰፈራችን ደግሞ ግንባታ አያቋርጥም። ስለዚህ የፊቶቹን ፈጠን፣ የላዮቹን ቀስ አድርጌ ነው የማስኬዳቸው፣ ቀጭን የሶፍት ቁራጭ ከኋላ ቀዳዳዎቹ ጋ ሳስጠጋ ወደ ውጪ ትገፋለች፣ እንደዛ ሆኖ ካየሁት ይበቃኛል። ራዲያተሩን በብሎወር ስታጸዱ ፋኑን በጣታችሁ ያዙት፣ በንፋስ ከልክ በላይ ከተሽከረከረ ሊበላሽ ይችላል።

የፋን ከርቩ (ፋኑ በየዲግሪው ምን ያህል እንደሚፈጥን የሚወስነው ቅንብር) ላይም እንዳትቸኩሉ። ክሮም ስትከፍቱ ሲፒዩው በሰከንድ ውስጥ 15 ዲግሪ ዘሎ ይመለሳል፣ ውሃው ግን ገና አልሞቀም፣ ፋኑ ያን ተከትሎ ቢጮህ ምንም ጥቅም የለውም። እኔ እስከ 70 ዲግሪ አንድ ፍጥነት ላይ አቁሜው ከዛ በኋላ ነው ቀስ እያለ የሚጨምረው፣ ባዮስ (የማዘርቦርዱ ቅንብር) ውስጥም ምላሹን ዘግይ አልኩት፣ ማታ ቤቱ ጸጥ ሲል ፒሲው መብራቱን ካላያችሁ የበራ አይመስላችሁም።

ይሄን ሞዴል የምትገዙ ካላችሁ ኬዛችሁን ለኩ። ራዲያተሩ 38 ሚሊሜትር ነው፣ ከፋኑ ጋር 63 ይሆናል፣ ብዙዎቹ እንዲህ ወፍራም አይደሉም። ከላይ ለመግጠም ካሰባችሁ በተለይ ራማችሁ ረጅም ከሆነ እንዳይነካካ እዩት፣ 65 ዋት ሲፒዩ ያለው ሰው ደግሞ ጥሩ የአየር ኩለር ገዝቶ የተረፈውን ብር የፊት ፋን ላይ ቢያደርገው ነው የምመክረው።